የሚያሸንፍ ቡድን ለምን ይዘጋል? ሲዘጋስ ምን ይደረጋል?

ማርች 20፣ 2021 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቦታው ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ። የዩኒቨርሲቲዎች የትግል ሻምፒዮና ፍጻሜ። ሼን ግሪፊት የሚባል የስታንፎርድ ተማሪ ወደ ምንጣፉ ወጣ። የለበሰው ጥቁር የትግል ልብስ ነው። ደረቱ ላይ ምንም የለም። የዩኒቨርሲቲው ስም የለም፣ አርማም የለም። ሜዳ ጥቁር።

ልብሱ ጠፍቶበት አይደለም። ከ8 ወር በፊት ስታንፎርድ የትግል ቡድኑን እንደሚዘጋ አስታውቋል። ግሪፊትም ለማይፈልገው ቤት ስም ተሸክሞ አልወጣም። በ165 ፓውንድ፣ ማለትም በ75 ኪሎ ገደማ፣ የፒትስበርጉን ተጋጣሚውን አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። የውድድሩ ምርጥ ታጋይ ተብሎም ተመረጠ። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው ተነስቶ አጨበጨበለት። በስታንፎርድ የትግል ቡድን ታሪክ ከእሱ በፊት ይህን ዋንጫ የወሰደው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ ያውም በ2004።

ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። የሚያሸንፍ ቡድን እንዴት ይዘጋል? ጥያቄው ትክክለኛ ነው። መልሱ ግን ከሜዳው ላይ አይገኝም። ያለው ሂሳብ ክፍል ነው። እዚያ ደግሞ ዋንጫ የሚጻፍበት መስመር የለም።

ወደ መጀመሪያው እንመለስ። ጁላይ 8፣ 2020፣ ኮቪድ ዓለምን ቤት ዘግቶ ባስቀመጠበት ሰሞን፣ የስታንፎርድ ስፖርተኞችና አሰልጣኞች ዙም ላይ ተጠሩ። 36 ከነበሩት ስፖርቶች 11ዱ ከ2020-21 የውድድር ዓመት በኋላ እንደሚያበቁ ተነገራቸው። የወንዶችና የሴቶች ፌንሲንግ (የጎራዴው ስፖርት)፣ የገና የሚመስለው የሜዳ ሆኪ፣ ቀዘፋ፣ የሸራ ጀልባ፣ ስኳሽ፣ በሙዚቃ የሚታጀበው የኅብር ዋና፣ የወንዶች መረብ ኳስ፣ ትግል። ከ240 በላይ ተማሪዎችና 22 አሰልጣኞች በአንድ ቀን።

ዩኒቨርሲቲው ራሱ ባወጣው ደብዳቤ ላይ እነዚህ 11 ስፖርቶች 20 የአገር አቀፍ ሻምፒዮናዎችንና 27 የኦሊምፒክ ሜዳሊያዎችን እንዳመጡ ጽፏል። ይህን ቁጥር ያነበብኩት ደጋግሜ ነው። ብዙ አገር ከተወለደ ጀምሮ 27 የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አላየም። ውጤታቸውን ያልካደ ሰው ነው የዘጋቸው። ተማሪዎቹን ያንገበገባቸውም ይኸው ነው። ደካማ ናችሁ ቢባሉ ይከራከሩ ነበር። «ጎበዞች ናችሁ፣ ግን በቃችሁ» ሲባል ምን ይባላል?

የተሰጠው ምክንያት ገንዘብ ነው። ደብዳቤው እንደሚለው ከኮቪድ በፊትም የስፖርት ክፍሉ በዓመት ከ12 ሚሊዮን ዶላር በላይ ጉድለት ይጠብቀው ነበር። ኮቪድ ሲጨመርበት ጉድለቱ በመጀመሪያው ዓመት ወደ 25 ሚሊዮን፣ በ3 ዓመት ውስጥ ደግሞ ወደ 70 ሚሊዮን ይጠጋል። 11ዱን ስፖርቶች ለዘለቄታው ለማቆየት ደግሞ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስፈልጋል ተባለ።

ይህን ለመረዳት የአሜሪካን የዩኒቨርሲቲ ስፖርት አሠራር ማወቅ ይፈልጋል። እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስፖርት ከትምህርት ሰዓት ውጭ የሚደረግ ነገር ነው። አሜሪካ ግን ዩኒቨርሲቲው እንደ ክለብ ነው። አሰልጣኝ ይቀጥራል፣ ተጫዋች ይመለምላል፣ ስኮላርሺፕ ይሰጣል፣ የቴሌቪዥን መብት ይሸጣል። አብዛኛው የአሜሪካ ኦሊምፒያን የሚወጣው ከዚህ ነው። ሌላው ዓለም በመንግሥት በጀትና በክለብ የሚሠራውን ሥራ አሜሪካ ለዩኒቨርሲቲዎቿ ትታዋለች።

ገንዘብ የሚያስገቡት ግን በአብዛኛው ሁለት ስፖርቶች ናቸው። ፉትቦል (በእጅ የሚይዙት የአሜሪካኖቹ) እና የወንዶች ቅርጫት ኳስ። ሌሎቹ የሚኖሩት ከእነዚህ በሚተርፈው፣ ከለጋሾችና ከዩኒቨርሲቲው ካዝና ነው። አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ልጆች ሠርተው ሌሎቹን እንደሚያስተምሩት ማለት ነው። ችግሩ ሁለቱ ሠራተኛ ልጆች ራሳቸው ብዙ የሚበሉ መሆናቸው ነው። የፉትቦል አሰልጣኝ ደመወዝ፣ የስታዲየም እድሳት፣ የጉዞው ብዛት። ገቢው ሲያድግ ወጪውም አብሮ ያድጋል። ጉድለት ሲመጣ ግን የሚቀነሰው ከዚያ አይደለም። ከፉትቦል 10 ሚሊዮን መቀነስ ገቢውን ይጎዳል ይባላል። ስለዚህ መቀሱ የሚያርፈው የቴሌቪዥን ካሜራ በሌለበት ላይ ነው። ታጋዩ፣ ዋናተኛው፣ ቀዛፊው፣ ሯጩ።

ስታንፎርድ ከ1994-95 እስከ 2018-19 ድረስ 25 ዓመት ሙሉ በተከታታይ በአጠቃላይ የስፖርት ውጤት ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አንደኛ ነበር። ይህን ሽልማት ያመጣለት የስፖርቶቹ ብዛት ነው። ፉትቦል ብቻውን አላመጣውም።

አሁን ደግሞ ወደዚያች 200 ሚሊዮን እንሂድ። እዚች ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በተቃውሞው ላይ የተሳተፉ ሰዎች ብዙ ጊዜያቸውን ያጠፉትም በዚህ ዓይነት ሂሳብ ላይ ነው።

200 ሚሊዮን በየዓመቱ የሚወጣ ወጪ አይደለም። ቋሚ ፈንድ ነው። ቋሚ ፈንድ ማለት ዋናው ሳይነካ ተቀምጦ፣ ኢንቨስት ተደርጎ፣ ትርፉ የሚወጣ ገንዘብ ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ከዚህ ዓይነት ፈንድ በየዓመቱ 5 በመቶ ገደማ ያወጣሉ። ከ200 ሚሊዮን ላይ 5 በመቶ ስንወስድ 10 ሚሊዮን ይመጣል። እንግዲህ በዓመት የሚፈለገው በግምት ያን ያህል ነው። ለ240 ተማሪ ስናካፍለው ለአንድ ተማሪ 42 ሺህ ዶላር ገደማ ይደርሳል። ትንሽ ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን «200 ሚሊዮን» ሲባል ሰው አፉን ይይዛል፣ «በዓመት 10 ሚሊዮን» ሲባል ደግሞ «እሺ፣ ከየት እናምጣው?» ብሎ ማሰብ ይጀምራል። አንዱ ቁጥር በር ይዘጋል፣ ሌላው ይከፍታል።

በዚያው ዓመት የስታንፎርድ አጠቃላይ ቋሚ ፈንድ 28.9 ቢሊዮን ዶላር ነበር። 10 ሚሊዮን ከዚህ ሲታይ ከ1,000 ዶላር ላይ 35 ሳንቲም ማለት ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች ለዚህ ጥሩ መልስ አላቸው፣ መልሱንም በቅን ልቦና ማየት ተገቢ ነው። ቋሚ ፈንድ የአደራ ገንዘብ ነው። ለቤተክርስቲያን ጣሪያ ብሎ ምእመን የሰጠው ብር ለደወል መግዣ አይውልም። ለካንሰር ምርምር የተሰጠም ለጀልባ አይሆንም። እውነት ነው። ግን ሁሉም ፈንድ እንዲህ የታሰረ አይደለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ አዲስ ለጋሽ መጠየቅ የሚከለክል ሕግ የለም። የስታንፎርድ ተመራቂዎች ቁጣ ያነጣጠረው እዚህ ላይ ነበር። «ቡድናችን ሊዘጋ ነው፣ እርዱን» ብሎ የጠየቃቸው የለም። ተዘግቶ ነው የተነገራቸው። የተጠሩት እሳቱ ቤቱን ከበላ በኋላ ነው።

ሌላም የማይታይ ሂሳብ አለ። እነዚህ ትንንሽ ስፖርቶች ሙሉ ስኮላርሺፕ ለሁሉም አይሰጡም። በዚያን ጊዜ ደንብ በከፍተኛው ዲቪዚዮን አንድ የወንዶች መረብ ኳስ ቡድን ሊሰጥ የሚችለው የ4.5 ሰው ሙሉ ስኮላርሺፕ ብቻ ነበር። ትግል 9.9፣ የወንዶች አትሌቲክስ 12.6። ፉትቦል ግን 85። እንግዲህ 20 ልጆች ያሉት የመረብ ኳስ ቡድን ውስጥ ያ 4.5 ለብዙ ሰው ይሸራረፋል። የቀረውን ቤተሰብ ይከፍላል። ስታንፎርድ ሀብታም ስለሆነ ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ ብዙ ይረዳል፣ እዚያ ይህ ክርክር ያን ያህል አይከብድም። በትምህርት ክፍያ የሚተዳደር መካከለኛ ዩኒቨርሲቲ ላይ ግን ወሳኝ ነው። ቡድኑን ዘግቶ 300 ሺህ ዶላር የቆጠበ ዩኒቨርሲቲ፣ ለስፖርቱ ሲል የመጡ 20 ተማሪዎች ካላመለከቱ ከዚያ በላይ ክፍያ ሊያጣ ይችላል። የስፖርት ክፍሉ ሂሳብ ላይ ቁጠባው ይታያል። ኪሳራው የሚታየው በሬጅስትራር በኩል ነው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን የሚያስቀምጥ ሰው ከሌለ ማንም አያውቅም።

በአላባማ ግዛት በበርሚንግሃም የሆነው ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። የአላባማ ዩኒቨርሲቲ የበርሚንግሃም ካምፓስ በዲሴምበር 2014 ፉትቦልን፣ ቦውሊንግንና የተኩስ ስፖርትን ዘጋ። ያስጠናው ጥናት ወጪው አይቻልም ይል ነበር። ተቃዋሚዎች ግን ተቀምጠው አላለቀሱም። ሌላ የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ጥናት ቀረበ። ቁጥሮቹ እንደገና ተሠሩ፣ የከተማው ነጋዴዎች ገንዘብ ቃል ገቡ። በስድስት ወር ውስጥ፣ ጁን 1፣ 2015፣ ውሳኔው ተቀለበሰ። ፉትቦሉ በ2017 ሜዳ ተመለሰ፣ በ2018 የሊጉ ሻምፒዮን ሆነ። ከተዘጋ ቡድን ተነስቶ በአራት ዓመት ሻምፒዮን!

አሁን ወደ ሕጉ። ይህን ክፍል ብዙ ወላጅ አያውቀውም፣ ግን ከሁሉ የበለጠ ጉልበት ያለው እሱ ነው።

አሜሪካ ውስጥ በ1972 የወጣ ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አለ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በጾታ ምክንያት ማንንም አያገልልም ይላል። ስፖርት ላይ ሲመጣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሕጉን አክብሯል የሚባለው ከሦስት መንገዶች አንዱን ካሟላ ነው። አንደኛው የስፖርተኞቹ ድርሻ ከተማሪው ድርሻ ጋር ሲቀራረብ ነው። ከ100 ተማሪ 55ቱ ሴቶች ከሆኑ፣ ከ100 ስፖርተኛም ወደ 55 የሚጠጉት ሴቶች መሆን አለባቸው። ሁለተኛው የሴቶችን ስፖርት በተከታታይ እያሰፋ የመጣ ታሪክ ሲኖረው ነው። ሦስተኛው የሴቶቹን ፍላጎትና ችሎታ ሙሉ በሙሉ ሲያስተናግድ ነው።

እንግዲህ ነገሩን እንየው። የሴቶች ድርሻ ያነሰበት ዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ሲዘጋ፣ «እያሰፋሁ ነው» ማለት አይችልም። እየቀነሰ ነዋ። «ፍላጎታቸውን አሟልቻለሁ» ማለትም አይችልም። ልጆቹ እዚያው ቆመው መጫወት እንፈልጋለን እያሉ ነው። የሚቀረው የመጀመሪያው፣ የቁጥሩ መንገድ ነው። ቁጥሩም ከጎደለ ሦስቱም በር ተዘጋ።

ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በግልጽ ያሳየው የብራውን ዩኒቨርሲቲ ክስ ነው። ብራውን በ1991 አራት ቡድኖችን ከበጀቱ አወጣ። ሁለት የሴት፣ መረብ ኳስና ጂምናስቲክ። ሁለት የወንድ፣ ጎልፍና የውሃ ፖሎ። ሁለት ለሁለት፣ እኩል ይመስላል። ግን የሴቶቹ ሁለት ቡድኖች በጀት 62 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን የወንዶቹ 16 ሺህ ገደማ ነበር። በዚያ ላይ ሴቶች ከተማሪው ወደ 48 በመቶ ሆነው ከስፖርተኛው ግን 37 በመቶ ብቻ ነበሩ። የጂምናስቲክና የመረብ ኳስ ቡድኖቹ ተማሪዎች ከሰሱ። ክርክሩ ዓመታት ፈጀ። በ1997 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የብራውንን ይግባኝ አልቀበልም አለ፣ በ1998 ነገሩ በስምምነት ተቋጨ። 78 ሺህ ዶላር የማትሞላ ቁጠባ ስንት ዓመት የፍርድ ቤት ደጅ እንዳስጠናች አስቡት።

አዮዋም እንዲሁ። በኦገስት 2020 የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ የወንዶችና የሴቶች ዋና፣ የወንዶች ጂምናስቲክና የወንዶች ቴኒስ እዘጋለሁ አለ። ይህ የዋና ቡድን እንደዋዛ የሚታይ አይደለም። ዛሬ ኦሊምፒክ ላይ የምናየው የቢራቢሮ ዋና እንዲወለድ ካደረጉት ገንዳዎች አንዱ የአዮዋ ነው። ሴት ዋናተኞቹ በታይትል ናይን ከሰሱ። የፌዴራል ዳኛዋ በዲሴምበር 2020 የእግድ ትእዛዝ ሰጠች። በሚቀጥለው ፌብሩዋሪ ዩኒቨርሲቲው የሴቶቹን ዋና መለሰ። ከዚያም አልፎ የሴቶች የትግል ቡድን አቋቋመ። የወንዶቹ ዋና ግን አልተመለሰም። አንድ ገንዳ ውስጥ አብረው ሲሰለጥኑ የነበሩ ልጆች፣ ግማሾቹ ሕግ ነበራቸው፣ ግማሾቹ አልነበራቸውም። ይህ ያሳዝነኛል።

ወንዶችንም ሕጉ አልፎ አልፎ ይረዳል። ክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ በኖቬምበር 2020 የወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ ሩጫ ሊዘጋ ነው ሲል፣ የልጆቹ ጠበቃ ቁጥሩን አሰላ። ቡድኑ ከተዘጋ በዚያ ዩኒቨርሲቲ የወንዶች ድርሻ ራሱ ከሚገባው በታች ይወርዳል አለ። ሴቶቹም በሌላ በኩል በስኮላርሺፕና በአያያዝ የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው። በኤፕሪል 2021 ዩኒቨርሲቲው ቡድኑን መለሰ፣ ለሴቶችም ተጨማሪ ስፖርት እጀምራለሁ አለ። ወንዶቹና ሴቶቹ ከመጣላት ይልቅ በአንድ ጠበቃ በኩል መቆማቸው ነው የጠቀማቸው።

ሕግ ብቻውን ግን አይበቃም። ጩኸትም ያስፈልጋል፣ ያውም በጊዜው።

ብራውን በ2020 እንደገና ቡድኖች ሲቀንስ የወንዶች አትሌቲክስና አገር አቋራጭ ሩጫም ከተቀነሱት ውስጥ ነበሩ። ሜይ 28 ተነገረ። አትሌቲክስ በዚያ ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች በብዛት ከሚገኙባቸው ቡድኖች አንዱ ነው። ያ ሳምንት ደግሞ ጆርጅ ፍሎይድ የተገደለበት ሳምንት ነበር። ሯጮቹና የቀድሞ ሯጮች አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ጠየቁ። «ስለ ብዝኃነት ትናገራላችሁ፣ ታዲያ የምትዘጉት የቱን ነው?» ጁን 9 ላይ ውሳኔው ተቀለበሰ። 12 ቀን ብቻ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የዊልያም ኤንድ ሜሪ ነው። ይህ በቨርጂኒያ ያለ አንጋፋ ዩኒቨርሲቲ በሴፕቴምበር 2020 ሰባት ቡድኖችን ዘጋ። ለተማሪዎቹ ደብዳቤ ተላከ። ከባድ ውሳኔ ነው፣ ብዙ አስበንበታል የሚል። ታዲያ አንዳንዶች ይህን ደብዳቤ ከሁለት ወር በፊት ከወጣው ከስታንፎርድ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠው አነበቡት። አረፍተ ነገሮቹ ይመሳሰላሉ። አንዳንዱ ቃል በቃል ነው። ልጆቹ ከሕይወታቸው ትልቁ ነገር ሲወሰድባቸው የተነገራቸው ከሌላ ትምህርት ቤት በተቀዳ ቃል ነበር። ተማሪ ቢያደርገው ከክፍል የሚያስባርር ነገር ነው። የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ዳይሬክተሯ ይቅርታ ጠየቁ። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ከኃላፊነታቸው ለቀቁ። በዚያው ወር የሴቶቹ ሦስት ቡድኖች፣ በኖቬምበር የወንዶቹ አራት ቡድኖች ተመለሱ። ሰባቱም።

ስታንፎርድ ዘገየ። ተመራቂዎችና ወላጆች «36ቱም ስፖርቶች ይቀጥላሉ» በሚል መንፈስ አንድ ማኅበር አቋቋሙ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ቡድን ለየብቻው ነበር የሚሯሯጠው። ታጋዮቹ ለትግል፣ ቀዛፊዎቹ ለቀዘፋ። እንዲህ ሲሆን ዩኒቨርሲቲው ለአንዱ ሰጥቶ ሌላውን ዝም ማሰኘት ይችላል። አብረው ሲቆሙ ግን አስቸጋሪ ሆኑ። ገንዘብ ቃል አስገቡ። የራሳቸውን የሂሳብ ሰነድ አዘጋጅተው አቀረቡ። የማይዘጉ ስፖርቶች ታዋቂ ተመራቂዎችም ድምፃቸውን አሰሙ። ግሪፊት ባዶ ልብሱን ለብሶ ሲያሸንፍ ጉዳዩ አገር ምድሩን አዳረሰ። ሜይ 12፣ 2021 ሁለት ክሶች ተመሠረቱ። አንደኛው በታይትል ናይን። ሌላው ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሊዘጋቸው እያሰበ ሳይነግረን መለመለን የሚል። ከ6 ቀን በኋላ፣ ሜይ 18፣ ስታንፎርድ 11ዱም ስፖርቶች እንደሚቀጥሉ አስታወቀ። የሰጠው ምክንያት የገንዘብ ሁኔታው መሻሻሉንና የለጋሾች ፍላጎት መነሳሳቱን ነው። በዚያ የበጀት ዓመት ማብቂያ ላይ ቋሚ ፈንዱ 37.8 ቢሊዮን ደርሶ ነበር።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምረዳው፣ ቡድንን የሚያተርፈው ማሸነፉ አለመሆኑን ነው። ግሪፊት ቢሸነፍም ክርክሩ ያው ነበር። ቡድኑን ያተረፈው ቁጥሩን የጠየቀ፣ ሕጉን ያወቀና ሳይበታተን የቆመ ሰው ነው።

ሁሉም ግን አይሳካለትም። ሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2020 የዘጋው የዋና ቡድን ተማሪዎቹ ለዓመታት ቢታገሉም አልተመለሰም። ቡድን በተዘጋ ቁጥር ጊዜ የሚሠራው ለዘጋው ወገን ነው። ጎበዞቹ ልጆች ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይዛወራሉ። አሰልጣኙ ሥራ ይፈልጋል። አዲስ ተማሪ አይመጣም። ከዓመት በኋላ የሚመለስ ቡድን ራሱ አይኖርም። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ወርቅ የሆኑት።

ይህን ሁሉ አሁን የማነሳው ነገሩ አዲስ ማዕበል ስላለው ነው። ጁን 6፣ 2025 አንዲት የፌዴራል ዳኛ ሀውስ የሚባለውን ትልቅ ስምምነት አጸደቁ። በዚህ መሠረት ለቀድሞ ስፖርተኞች 2.8 ቢሊዮን ዶላር ካሳ ይከፈላል። ዩኒቨርሲቲዎችም ለመጀመሪያ ጊዜ ለስፖርተኞቻቸው በቀጥታ መክፈል ይችላሉ፣ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር። ልጆቹ ላባቸውን መካፈላቸው ፍትሕ ነው፣ ዘግይቶም ቢሆን። ግን ያ ገንዘብ የሚሄደው በአብዛኛው ለፉትቦልና ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነው፣ ከአንድ ቦታ ደግሞ መምጣት አለበት። ስምምነቱ ገና ሳይጸድቅ ነው ዩኒቨርሲቲዎች መቀነስ የጀመሩት። በካሊፎርኒያ ካል ፖሊ በማርች 2025 የዋና ቡድኑን ዘጋ። ስምምነቱን ያስከተለው የሀውስ ክስ በስሙ የተጠራው ልጅ ራሱ የዩኒቨርሲቲ ዋናተኛ ነበር።

እኛንም ይመለከታል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ዴንቨር ማለዳ ተነስቶ ልጁን ለልምምድ የሚያደርስ የአበሻ ወላጅ ብዙ ነው። ያሬድ ንጉሤን እናስታውስ። ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች ተወልዶ ኬንተኪ ውስጥ ያደገ ልጅ ነው። በኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ እየተማረ ሮጠ፣ በ2019 በ1,500 ሜትር የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆነ፣ በ2024 ፓሪስ ላይ የኦሊምፒክ ነሐስ ወሰደ። መንገዱ የዩኒቨርሲቲ ሩጫ ቡድን ነው። ብራውንና ክሌምሰን ሊዘጉ የነበረው ደግሞ ይህንኑ የወንዶች ሩጫ ነበር።

ታዲያ ደብዳቤው ወደ ልጃችሁ ቢመጣ ከየት ይጀመራል? መጀመሪያ ሰነድ ነው። በሕግ መሠረት የፌዴራል የተማሪ ድጋፍ የሚቀበል ዩኒቨርሲቲ ሁሉ በየዓመቱ ስንት ወንድና ስንት ሴት ስፖርተኛ እንዳለው፣ ገቢና ወጪውም ምን ያህል እንደሆነ ሪፖርት ያደርጋል። ሪፖርቱ በአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ነው። ጠበቃ አያስፈልገውም። የትምህርት ቤቱን ስም ጽፎ መፈለግ ነው። ቁጥሩ ላይ የሴቶች ድርሻ ከተማሪው ድርሻ በጣም ካነሰ፣ ያን ቀን የታይትል ናይን ጠበቃ ጋ ይደወላል። ዩኒቨርሲቲው የመንግሥት ከሆነ ደግሞ የውስጥ ደብዳቤዎቹንና የበጀት ሰነዶቹን በመረጃ ነጻነት ሕግ መጠየቅ ይቻላል። የግል ከሆነ ይህ መንገድ የለም፣ እንደ ስታንፎርድ በተመራቂዎች በኩል መግፋት ነው።

ሁለተኛው ስልክ ነው። አሰልጣኙ ሥራው ላይ እያለ ብዙ መናገር አይችልም፣ እሱን አታስጨንቁት። የቀድሞ ተጫዋቾች ዝርዝር ያለው ሰው ግን አይጠፋም። ከእነሱ መሐል ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ሂሳብ ሠራተኛ፣ ነጋዴ አለ። ከሌሎቹ የተዘጉ ቡድኖች ወላጆች ጋርም በዚያው ሳምንት ተገናኙ። «የእኛን ብቻ መልሱ» የሚል ደብዳቤ አትጻፉ። ልጆቹም ሌላ ዩኒቨርሲቲ የመፈለግ መብታቸው እንደተጠበቀ ይሁን። እየታገሉ ማመልከቻ ማስገባት ክህደት አይደለም፣ የአንድ ወጣት ሁለት ዓመት ቀልድ አይደለምና።

ሼን ግሪፊት በ2022 ዲትሮይት ላይ እንደገና ለፍጻሜ ደረሰ። ያን ጊዜ በአንድ ነጥብ ተሸነፈ፣ 6 ለ 5። የስታንፎርድ የትግል ቡድን አሁንም አለ።